አብሽር ማለትና ዘር ማቅረብ

የሰው ጉልበት በክንዱ ብቻ የሚለካ አይደለም። ክንድን የሚያነሣው ልብ ስለ ሆነ ልቡ የዛለ ሰው ክንዱ ቢበረታም ሥራው አይቀናውም፤ ልቡ የጸና ሰው ግን በደከመ ክንዱ ብዙ ሲሠራ ይታያል። ይህን ነገር አባቶቻችን በምሳሌም በቅኔም ሲያስተምሩን ስለ ኖሩ ለአንባቢ አዲስ አይሆንበትም። ነገር ግን እውነተኛ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር የሐሰትን ሥራ ይሠራል። በዛሬ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱና በየስብሰባው አንድ ሥራ ሳይፈጸም ቀርቶ ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአመለካከት ችግር ነው የሚል ሆኗል። ምርት ቢያንስ የገበሬው አመለካከት፤ ፈተና ቢከብድ የተማሪው አመለካከት፤ ጉዳይ ቢዘገይ የሠራተኛው አመለካከት ይባላል። ከዚህም የተነሣ የሰው ልብ የሥራ ሁሉ መጀመሪያ ነው የሚለው መልካም ትምህርት ሥራውን ያልሠራ ሹም የሚሸሸግበት ዋሻ እንዳይሆን ያሠጋል። እኛም ዛሬ ልብና ሥራ እንዴት እንደሚጋገዙ ለመመርመር አስበን፤ ምሳሌውን ከሩቅ ሳንፈልግ ከሰሜን ወሎ፤ ከወልድያና ከመርሳ፤ ከሀብሩም ወረዳ እናመጣለን።

በዚያ አገር አብሽር የሚባል ቃል አለ። ቃሉ ከዐረብኛ መጥቶ በወሎ ምድር ቤተኛ ሆኖ የኖረ ነው፤ ትርጓሜውም አይዞህ፤ ደግ ነገር ይመጣልሃል እንደ ማለት ነው። ሐዘን የደረሰበትን፤ በሬው የሞተበትን፤ አዝመራው የጠፋበትን፤ ልጁ ታምሞ የሚያስታምመውን ሰው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሽር ይለዋል። ለሴት አብሽሪ፤ ለብዙ ሰው አብሽሩ ይባላል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ የአፍ ልማድ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአገሩ ደንብ አብሽር ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለለቅሶው እንጀራ ተሸክሞ ይመጣል፤ በሬ ለሞተበት በሬውን ያውሳል፤ ዘር ላጣ ከጎተራው ይሰፍራል። ቃሉና ሥራው አንድ ላይ ስለ ተጣመሩ ነው የአገሩ ሰው ቃሉን የሚያከብረው።

የሚያስደንቀውም ነገር በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በአገራችን ለገበሬ ከተለቀቁት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ ይህንኑ ስም ይዞ መገኘቱ ነው። አብሽርና ጎብዬ የተባሉት እነዚህ ሁለት ዝርያዎች የመጡት አቀንጭራ የሚባለውን የእርሻ ጠላት እንዲቋቋሙ ነው። ስም ያወጣለት ሰው አስቦትም ይሁን ሳያስበው፤ እንደ እኛ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር፤ አብሽር የሚለው ቃል በአፍ ሳይቀር በቁና ተሰፍሮ ለገበሬ ደረሰ ማለት ነውና።

ይህ እንዲገባን የሀብሩን ገበሬ የዓመት ሥራ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ የወረዳው ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርሳ ይደርሳል፤ ከዚያም በሲሪንቃ በኩል አልፎ ወደ ወልድያ ይወጣል። በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ በኩል ምድሩ እየቆላ እስከ አፋር ይወርዳል፤ በመካከሉ የግራና ሜዳ ተዘርግቷል። መሬቱ የማያበቅል ሆኖ አይደለም፤ ውሃ ባገኘ ስፍራ ማንጎውና ፓፓያው ምስክር ነው። ችግሩ ዝናሙ ቃሉን የማይጠብቅ መሆኑ ነው።

ገበሬው በሚያዝያ ወር ዝናም ከጣለለት ለብዙ ወራት በምድር ላይ የሚቆየውን፤ አገዳው ለከብት፤ ፍሬው ለቤት የሚተርፈውን ረጅሙን ማሽላ ይዘራል። የሚያዝያው ዝናም ቢቀርበት ወይም ቡቃያው በግንቦት ፀሐይ ቢቃጠልበት ዓመቱ አበቃ ብሎ አይቀመጥም፤ ሞፈሩን መልሶ አንሥቶ በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ያም ቢበላሽ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጥቁሩ አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይጥላል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፤ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ጊዜ፤ ከወደቀበት ተነሥቶ ይጀምራል ማለት ነው። የጽናትን ትርጓሜ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መጽሐፍ የለም። ጽናት ማለት መከራን እያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ያንኑ የጠፋውን ዘር በዚያው ጊዜ በዚያው መንገድ መልሶ መበተንም አይደለም። የፊተኛው ለምን እንደ ጠፋ አይቶ፤ የቀረውን ጊዜና የቀረውን እርጥበት ቆጥሮ፤ ለእርሱ የሚስማማውን ሌላ ዘር መጣል ነው።

ልብ በሉ፤ በሐምሌ ወር ይህ ገበሬ ዘር የሌለው ቢሆን ጽናቱ ምን ያደርግለታል? በሚያዝያ ያለውን ዘር ለመሬት ሰጥቷል፤ የቀረውን በሰኔ ቤተ ሰቡ በልቶታል። ልቡ የአንበሳ ቢሆን እንኳ ባዶ እጁን አየር አይዘራም። ሁለተኛው ዘር በጊዜው ካልደረሰው በሬውን ይሸጣል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ጭምር ሸጧል። የሰው ልብ የሚሰበረው በአንድ ውድቀት ሳይሆን ለመነሣት እጁን ሲዘረጋ የሚይዘው ነገር በማጣት ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ምን እንደ ሠሩ ማየት ይገባል። በሀብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሆርማት፤ ምስክር፤ ግራና አንድ የተባሉትንና ሌሎችንም ማሽላዎች ለዝናም አጠር አገር እንዲሆኑ መርጦ አውጥቷል። አብሽርንና ጎብዬን የመሳሰሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች ደግሞ ከፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። እኚህ ሰው በምዕራብ ሸዋ በወለንኮሚ አጠገብ በአንዲት ሣር ቤት ተወልደው፤ በጂማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው፤ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑ ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ የማሽላውን ሥር ከምድር በታች ይዞ ገበሬው ሳያየው ደሙን የሚመጥ አረም ነው፤ ፍሬውም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያወጣው አንድ ቅመም ሲደርሰው ነው። ገቢሳና የሥራ ጓደኞቻቸው ብዙ ዓመት ደክመው ይህን የማንቂያ ቅመም በጥቂቱ ብቻ የሚያወጡትን ማሽላዎች ለይተው አገኙ፤ ጠላቱም ሳይነቃ ይቀራል። በዚህ ነገር ሁለት ጽናት ተገናኝቷል፤ አንዱ በእርሻው ላይ የገበሬው፤ ሁለተኛው በምርምሩ ቤት የሊቁ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም ነበር።

አሁን ደግሞ ልብ እንዴት እንደሚጸና እንመልከት። ይህን የሚጽፈው ሰው በልጅነቱ አኩፋዳውን አንግቶ ከቅኔ ቤት ደጅ የተቀመጠ ስለ ሆነ የሚያውቀውን ይናገራል። በሰሜን ወሎ ያለው የዋድላ ቅኔ ቤት በሊቃውንቱ ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚነግረው ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ እርስዋም ተሰብራ ትመለስበታለች። ሰሙ ከወርቁ አይገጥምም፤ ቤቱ አይመታም፤ ግሡ ያለ ቦታው ገብቷል። ነገር ግን የኔታ ይህ ልጅ ቅኔ አይገባውም ብለው ከጉባኤው አያወጡትም፤ የተሰበረውን ስፍራ አሳይተው ነገ መልሰህ ና ይሉታል። እንዲህ እያለ በደረጃው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ዛሬ በየአድባራቱ ከሚመሩት ሊቃውንት መካከል የመጀመሪያይቱ ጉባኤ ቃናው ያልተሰበረችበት አይገኝም።

ካሮል ድዌክ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ የሚመስል ነገር ለዓለም አስታውቀዋል። ችሎታዬ በልደት ተወስኖ የተሰጠኝ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስሕተት ሲያገኘው ይሸሻል፤ ችሎታዬ በትጋትና በትምህርት ያድጋል ብሎ የሚያምን ግን ከስሕተቱ ይማራል ይላሉ። ትምህርቱ በብዙ አገር ተወድዶ በየትምህርት ቤቱና በየኩባንያው ተሰበከ፤ አንዳንዶችም ይህን ብቻ ለሰው ቢነግሩት ሁሉ ነገር የሚለወጥ መሰላቸው። ነገር ግን በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው፤ በአሜሪካ 12 ሺህ ያህል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን የመረመረው ጥናት ነገሩን በልኩ አደረገው። ትምህርቱ ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ልጆች ጥቂት አሻሻላቸው፤ ይህም መሻሻል ጎልቶ የታየው ጓደኞቻቸው ከባዱን ሥራ መሞከርን በሚያከብሩበት ትምህርት ቤት ነው። ዙሪያው በማይደግፍበት ስፍራ ግን ቃሉ ብቻውን ብዙ አልሠራም።

ይህ ውጤት የቅኔ ቤት ልጅን አያስደንቀውም። የኔታ ነገ ና ቢሉትም በመንደሩ ያለችው እናት በእንተ ስማ ለማርያም ሲላት ቁራሽ ባትሰጠው ኖሮ ነገን አያይም ነበርና። የመምህሩ ቃልና የመንደሩ ቁራሽ ተባብረው ነው ሊቅ ያወጡት። እነሆ በሀብሩ እርሻ ያየነውን ነገር በዋድላ ጉባኤ፤ በዋድላ ጉባኤ ያየነውን በባሕር ማዶ ጥናት መልሰን አገኘነው፤ ይኸውም አብሽር የሚለው ቃል ዘርን ይፈልጋል፤ ዘርም አብሽር የሚለውን ቃል ይፈልጋል።

ለአንድ ሰው እንዲህ የሆነው ነገር ለማኅበርም እንዲሁ ነው። በወሎ ገበሬ ዘንድ መቀናጆ የሚባል ደንብ አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ማረስ አይችልም፤ ጎረቤቱም አንድ በሬ ብቻ ቢኖረው እርሱም አይችልም። ሁለቱ ሲቀናጁ ግን አንድ ጥማድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ይሆናሉ። በሬው አልጨመረም፤ የጨመረው መተማመኑ ነው። ደቦውም ወንፈሉም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ሙታኑን የሚቀብርበት ቅሬም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን መቀናጆ የሚጸናው የአንዱ ቀን በአንዱ ሳይበላ ሲቀር ነው፤ ዛሬ የአንተን ካረስን ነገ የእኔን እናርሳለን የተባለው ነገ ካልተፈጸመ ዘንድሮ ቢቀናጁ ለከርሞ አይቀናጁም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ሠራተኞች በአንድ ልብ የሚሠሩት አለቃቸው አንድ ልብ ሁኑ ስላላቸው አይደለም፤ ድካሙም ምስጋናውም በትክክል ሲከፈል ስላዩ ነው። ለስሕተቱ የበታቹን፤ ለምስጋናው ራሱን የሚያቀርብ አለቃ ባለበት ስፍራ ስለ አንድነት መንፈስ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ የባከነ ገንዘብ ነው።

ቃል ያለ ዘር ሲቀር ምን እንደሚሆን ታሪካችን ይመሰክራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ገብቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ያን ጊዜ በዚህችው ከወልድያና ከመርሳ በምታልፈው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የተራበው ሕዝብ ተሰብስቦ የመንገደኛን እጅ ሲጠብቅ፤ መንግሥት ነገሩን ለአገርና ለዓለም ከመግለጥ ዘግይቶ ነበር። የሕንድ ተወላጅ የሆኑትና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምረው አንድ ከባድ ነገር አስረድተዋል። በዚያ ዓመት በመላው አገሪቱ የነበረው እህል በብዙ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው የወሎ ገበሬ አዝመራው ስለ ጠፋበት እህሉን የሚገዛበት አቅም ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበር። እንግዲህ ያ ሕዝብ የሞተው ልቡ ስለ ደከመ ወይም ሥራ ስለ ጠላ አልነበረም። አብሽር ሊለው የሚገባው ሹም ዝም ስላለ፤ እህሉም በፊቱ እያለፈ ስለ ሄደ ነው።

ይህም ሆኖ የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደ ተባለው፤ ከዚያ በኋላና በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ከሌላው ረሃብ በኋላ የወሎ ስም በብዙ ሰው አፍ ከረሃብ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በዓመት ሦስት ጊዜ ዘርቶ የሚነሣው ሕዝብ ተመጽዋች ተባለ። ስም ቀላል ነገር አይደለም። ሰውን ተመጽዋች ብሎ የጠራ ሹም እህል ሊያድለው ያስባል እንጂ ዘር ሊያቀርብለት አያስብም፤ የሚጠራውም ሰው ስሙን ብዙ ጊዜ ከሰማ ልጁን በዚያ ስም ያሳድገዋል። የአመለካከት ችግር አለ ከተባለ አስቀድሞ የሚመረመረው የጠሪው አመለካከት ነው።

ከዚያ በፊት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው፤ ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወሰው ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን በሬ በጨረሰ ጊዜ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ እህል አድለዋል፤ ደግሞም በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው ሕዝቡ ያለ በሬም ቢሆን እንዲያርስ አሳይተዋል። በሬ ያጣ ገበሬ በዶማ መቆፈርን እንደ ውርደት ሊቆጥረው ይችል ነበር፤ ንጉሡ ዶማ ሲይዙ ግን ውርደቱ ቀረ። የጎተራው እህል ሆድን አጸና፤ የንጉሡ ዶማ ልብን አጸና። ዮሴፍም በግብፅ አገር የረሃቡን ዘመን ሕልም በፈታ ጊዜ ፈርዖንን አይዞህ ብሎ ብቻ አልተወውም፤ በጥጋቡ ዘመን ጎተራ አሠርቶ እህል አከማቸ እንጂ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ላለፈው ለመከራከር አይደለም። የሰሜን ወሎ ሕዝብ በቅርብ ጊዜም ተፈትኗልና ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና ብዙው የአካባቢዋ አገር በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቆ ቆየ። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ የወልድያ ሆስፒታል መሣሪያና መድኃኒቱን አጣ፤ ሁለተኛውን ዘር የሚያዘጋጀው የሲሪንቃ የምርምር ማዕከልም ሳይቀር ጉዳት ደረሰበት። የዘር ቤት ሲዘረፍ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ድካምና የሚመጣው ሐምሌ ተስፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ሰላሙ ሙሉ እስኪሆን ሳይጠብቅ ሱቁን ከፈተ፤ እርሻውን አረሰ፤ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን መልሰው ሰበሰቡ፤ ሐኪሞቹ በቀረው መሣሪያ ሠሩ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ያን ጦርነት ቢያስቆመውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ሌላ ግጭት ገበሬውንና ነጋዴውን እንደ ገና አስጨንቆታል።

ታዲያ የዚህን ሕዝብ ጽናት ማመስገን ይገባል፤ እኛም እናመሰግናለን። ነገር ግን ምስጋና ለሁለት ነገር ይሆናል፤ አንዱ ሰውን ለማበርታት፤ ሁለተኛው ዕዳን ለመርሳት። ይህ ሕዝብ ጽኑ ነው፤ ይችለዋል እያልን ዘሩን በሐምሌ ፈንታ በመስከረም ብናደርስለት ምስጋናችን የዕዳ መርሻ ሆነ ማለት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፤ ለታረዘና ለተራበ ወንድሙ ሙቅ፤ ጥገብ ብሎ የሚያሰናብተውንና ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን የማይሰጠውን ሰው የገሠጸው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያነቡ መንግሥት ሁሉን ካቀረበ ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ይሉን ይሆናል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሲለምን የኖረ እጅ ሥራን የሚረሳበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ለመብል የሚሰጥ እህልና ለመዝራት የሚቀርብ ዘር አንድ አይደሉም። ዘር የተቀበለ ሰው ካልሠራበት ምንም አያገኝም፤ ስለዚህ ዘር መስጠት ሥራን መስጠት ነው። ለመብል የሚሰጠውም ቢሆን በታወቀ ቀን ሲደርስ ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ይቆያል፤ ቀኑ ሳይታወቅ ሲዘገይ ግን በሬውን ያሸጠዋል፤ ደጅ መጥናትንም ያስተምረዋል። እንግዲህ ሰውን ጥገኛ የሚያደርገው በጊዜው የደረሰ ርዳታ ሳይሆን ቀኑ የማይታወቅ ርዳታ ነው።

ከዚህ ቀጥለን ለሥልጣን ባለቤቶች ሦስት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። መጀመሪያ፤ የሁለተኛው ዘር ጉዳይ ቡቃያው ከጠፋ በኋላ በሚጻፍ ደብዳቤ የሚፈጸም ስላልሆነ፤ የሚያዝያ ዝናም በቀረበት ዓመት የሐምሌው ዘር በሰኔ ወር በወረዳው መጋዘን መገኘት አለበት። ሁለተኛ፤ ሥራው ያልተቃና የበታች ሠራተኛ ወይም ወረዳ ሲገኝ፤ አመለካከቱ ነው ተብሎ ከመጻፉ አስቀድሞ፤ ይህን ሥራ እንዲሠራ ምን ሰጥተነዋል? መቼስ አደረስንለት? የሚለው ይጠየቅ። ሦስተኛ፤ የቅኔው መምህር እንደሚያደርጉት፤ ሞክሮ የተሳነውን ከጉባኤው ከማውጣት የተሰበረውን ስፍራ አሳይቶ መመለስ ልማድ ይሁን። በመጀመሪያው ስሕተት የሚቀጣ መሥሪያ ቤት ስሕተትን አያጠፋም፤ ስሕተትን መሸሸግ ያስተምራል እንጂ። የ1966ቱም ጥፋት ያደገው ክፉ ወሬ ወደ ላይ እንዳይደርስ በመሸሸጉ ነው።

ለካህናት አባቶቻችንና ለሼኾች አባቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር በትሕትና እናቀርባለን። ገበሬው ቡቃያው በጠፋበት ቀን ወደ ሹም ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ይሄዳል። በዚያ ቀን የሚሰማው ቃል ሞፈሩን መልሶ እንዲያነሣ ወይም እንዲጥል ያደርገዋል። የጠፋው አዝመራ የኃጢአቱ ደመወዝ ብቻ እንደ ሆነ ቢነገረው ይሰበራል፤ ንስሓ ግባ፤ ነገ ደግሞ እረስ ቢባል ግን ይነሣል። ለሁለተኛው ዘር ምድር ርሳ የምትቆየው ጥቂት ቀን ብቻ መሆኑንም አባቶች ያውቃሉ። ሰንበትና ዐበይት በዓላት እንዲከበሩ የታዘዘውን ማንም አይነካም፤ ነገር ግን ከትእዛዝ ሳይሆን ከመንደር ልማድ የተጨመረው የሥራ ማቆሚያ ቀን በእንዲህ ያለው ሳምንት የድኻውን ዘር እንዳያስቀርበት፤ በሰንበት ቀን ከጕድጓድ የወደቀውን በሬ ማውጣት እንደሚገባ ያስተማረውን ጌታ አስበው አባቶች ቢመክሩበት የብዙ ሰው ጎተራ ይሞላል። ይህን ማለት የሚችሉትና ሲሉም የሚሰሙት እነርሱ ናቸው፤ ሹም ቢናገረው ሕዝቡ በሃይማኖቱ የመጣበት ይመስለዋልና።

በመጨረሻም ወደ ጀመርንበት እንመለስ። የሰው ልብ የሥራ ሁሉ መጀመሪያ መሆኑን አልካድንም። የሀብሩ ገበሬ ልብ ባይኖረው ኖሮ በሐምሌ የሚደርስለት ዘር በጆንያው ነቅዞ ይቀር ነበር። ነገር ግን የዚያን ገበሬ ልብ በስብሰባ ልንፈጥርለት አንችልም፤ ከእኛ በፊት ነበረውና። ከእኛ የሚፈለገው የጎደለውን ማምጣት ነው። ሐምሌ ሲመጣ በመርሳ ገበያ ዳር ቆሞ ሰማዩን የሚመለከተው ያ ሰው አብሽር የሚለውን ቃል ከጎረቤቱ ሰምቷል። ከመሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ዘሩን ነው።